ሪክሬሽናል ቴራፒ ለምትማሩ፦ ማህበር ልግባ ወይስ ዶላሬን ልያዝ?

እህቴ ጥያቄሽን ዛሬ ነው ያየሁት። ቴራፒውቲክ ሪክሬሽን (ሪክሬሽናል ቴራፒ የሚሉት፣ ታካሚን በጨዋታና በመዝናኛ ማከም) ተምረሽ ልትጨርሺ ነው፣ በሙያው የምታውቂው አንድም ሀበሻ የለም፣ ለኤትራ (የአሜሪካ የሙያው ማህበር) ከፍለሽ አባል መሆኑ ያዋጣል ወይ፣ ኔትዎርኪንግ የሚሉትስ ሰው ለማያውቅ ሰው እንዴት ነው የሚሆነው ነው ያልሽው። እኔ ሜሪላንድ ሪሃብ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ጥያቄሽ ስር ኮሜንት የሰጡት ልጆች ኤንሲቲአርሲንና ኤትራን ቀላቅለዋል። ኤንሲቲአርሲ ማህበር አይደለም፣ ፈትኖ ሲቲአርኤስ፣ ማለትም የተመሰከረላት የሪክሬሽን ቴራፒስት፣ የሚልሽ ድርጅት እሱ ነው፣ ሆስፒታል ስታመለክቺም መጀመሪያ የሚታየው ያ ነው። ኤትራ ግን የሙያ ማህበር ነው፣ ባትገቢም ትሰሪያለሽ ማንም አይጠይቅሽም። ስለዚ እጅሽ ላይ ያለው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለፈተናው አድርጊው። ግን የተማሪ አባልነት ከሙሉው በጣም ስለሚቀንስ ሳትመረቂ ግቢ ነው የምልሽ፣ ደሞ ሰርተፊኬቱን ካገኘሽ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ 50 ሰዓት ትምህርት ይጠበቅብሻል፣ የኤትራ ዌቢናሮች ይቆጠራሉ ለአባልም ይረክሳሉ፣ ክፍያው ቀስ በቀስ በዛ በኩል ይመለሳል።

አሁን ወደ ሰው መተዋወቁ። ከፍሎ ስም ማስመዝገብ ብቻውን ስራ አያመጣም። እድር እየከፈለ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ታውቂ የለ፣ መዝገብ ላይ አለ ሰፈር ውስጥ የለም፣ እንደዛ ነው። ብሄራዊው ኮንፈረንስ ጥሩ ነው ግን ሆቴሉ ቲኬቱ ተደምሮ ለተማሪ ይከብዳል፣ ሰውም በጣም ይበዛል። የስቴት ወይም የአካባቢ ማህበሩን ፈልጊ፣ ሁሌም ሰው የሚያጥራቸው እነሱ ናቸው፣ ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ባጅ ልስጥ ብትያቸው እጅሽን ስመው ነው የሚቀበሉሽ፣ እዛ ጠረጴዛ ላይ ደሞ ያልመጣ ሱፐርቫይዘር የለም፣ ሁሉም በፊትሽ ነው የሚያልፈው።

ከዛ ይዘሽ የምትቀርቢው ነገር ይኑርሽ። እኔ ክፍላችን ውስጥ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ገበጣ አጫውታቸው ነበር፣ እነሱም ማንካላ ብለው ያውቁታል። በደከመው እጁ በሁለት ጣት ፍሬዋን ቆንጥሮ አንስቶ ጉድጓዷ ውስጥ መጣል፣ እየቆጠረ መዞር፣ ተራ መጠበቅ፣ ሁሉም እኮ በቻርት የሚፃፍ ግብ ነው። መጀመሪያ ትልልቅ ፍሬ እሰጣለሁ፣ እጁ ሲለምድ ወደ ትናንሹ እወርዳለሁ፣ ስንት ጊዜ እንደጣለ እመዘግባለሁ። ይቺን ፖስተር አድርጌ የስቴት ስብሰባ ላይ ለጠፍኩ። ሰዉ ፎቶ እያነሳ ሲያልፍ አንዲት የሌላ ሆስፒታል ሱፐርቫይዘር ቆም ብላ ግማሽ ጎኑን ለማያይ ታካሚ ሰሌዳውን የት ጋ ነው የምታስቀምጠው አለችኝ። ማየት የሚሳነው ጎን በኩል ትንሽ አስጠግቼ ነው፣ ዞሮ እንዲፈልግ አልኳት፣ ከዛ ወሬው ረዘመ። ካርድ ተሰጣጠን፣ በሳምንቱ የምጠቀምበትን ፎርም በኢሜይል ላኩላት፣ እዛ ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያው ሳይወጣ የነገረችኝ እሷ ናት። ስራ ስጪኝ አላልኳትም ልብ በይ።

ይሉኝታችንን ደሞ እዚህ ጋ ተይው በናትሽ። ትልቅ ሰው ነው እንዴት ቀድሜ ላናግረው ብለን ጥግ ይዘን ቡና ጠጥተን የምንወጣ ብዙ ነን። ፈረንጁ ራስሽን ብታስተዋውቂ ደፈረችኝ አይልም፣ ስምሽን፣ ትምህርት ቤትሽን፣ ከየትኛው ታካሚ ጋር መስራት እንደምትፈልጊ ሶስቱን ተናግረሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂው አለቀ። ሊንክድኢን ላይም እንደዛው፣ ባዶ ሪኩዌስት አትላኪ፣ የት እንደተገናኛችሁ አንድ መስመር ፃፊ።

ሌላው ሙያው የሆስፒታልና የፓርክ (የካውንቲ) ተብሎ ሁለት ሰፈር መሆኑን እወቂ። ኤትራን 1984 ላይ ያቋቋሙት ሰዎች ያኔ ከነበረው ከፓርክና ሪክሬሽን ማህበሩ ቅርንጫፍ ወጥተው ክሊኒካል ነገር ላይ ያተኮረ የራሳችን ይሁን ያሉ ናቸው። እስካሁን ድረስ የሆስፒታሉና የካውንቲው ሰው ብዙም አይገናኝም፣ አንቺ ግን ሁለቱንም እወቂያቸው። ዲሲ አጠገብ ያሉት ሞንጎመሪ ካውንቲና ፌርፋክስ የራሳቸው ቴራፒውቲክ ሪክሬሽን ፕሮግራም አላቸው፣ የበጋ ካምፕ ላይ ሰው ስለሚፈልጉ ለተማሪ በሩ ሰፊ ነው። ሆስፒታል ካልሽ ቤተስዳ ያለው የኤንአይኤች (የመንግስት የጤና ምርምር ተቋም) ክሊኒካል ሴንተር ሪክሬሽን ቴራፒ ክፍል አለው። የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታሎችም ይቀጥራሉ፣ ዩኤስኤጆብስ በሚባለው የፌዴራል መንግስት የስራ ድረገፅ ላይ የሙያውን ቁጥር 0638 ብለሽ ፈልጊ፣ በአብዛኛው ግን ዜግነት ይጠይቃሉ። ነርሲንግ ሆም አክቲቪቲ ዳይሬክተር የሚባለው ስራ ሲቲአርኤስ ግዴታ የለበትም፣ ለመግቢያ ይሆናል፣ ክፍያውን ግን አይተሽ ተደራደሪ። እንደ ዩታና ኖርዝ ካሮላይና ላይሰንስ የሚጠይቁ ጥቂት ስቴቶች ስላሉ ለመዛወር ካሰብሽ ቀድመሽ እዪው።

ኢንተርንሺፕ ገና ካልጀመርሽ ከምንም በላይ እሱን በደንብ ምረጪ፣ 560 ሰዓት በተከታታይ 14 ሳምንት ነው፣ ያን ያህል ጊዜ አብራሽ የዋለች ሱፐርቫይዘር የምትደውልልሽን ስልክ የትኛውም ኮንፈረንስ አይሰጥሽም። የሱፐርቫይዘሯ ሲቲአርኤስ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ከኤንሲቲአርሲ ድረገፅ ላይ ራስሽ አጣሪ፣ ትምህርት ቤቱ ያየዋል ብለሽ አትተዪው፣ ካልሆነ ሰዓቱ አይቆጠርልሽም። የትኛው ስቴት እንዳለሽ አልፃፍሽም፣ ዲሲ አካባቢ ከሆንሽ ኢንቦክስ አርጊልኝ፣ እኛ ጋ ተማሪ የሚቀበሉትን ጠይቄ እነግርሻለሁ።