የፒሳ ማማ ለምን ዘመመ? ለምንስ ቀጥ አላደረጉትም?

ጣሊያን ያለው የፒሳ ማማ የዘመመው በግንበኞቹ ስህተት መሆን አለመሆኑንና መሐንዲሶች ለምን ቀጥ እንዳላደረጉት ለጠየቅከው ወንድሜ፦

ዋናው ችግር አፈሩ ነው። ማማው ያረፈው ለስላሳ ሸክላና አሸዋ ላይ ነው። መሠረቱ ደግሞ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጠልቀው። ግንባታው በ1173 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ መዝመም ጀመረ። ከዚያ ሥራው ለ100 ዓመት ገደማ ተቋረጠ። የሚገርመው፣ ማማውን ያተረፈው ይኸው መቋረጥ ነው! ሸክላው በማማው ክብደት እየተጨመቀ ውሃውን ቀስ በቀስ አስወጣና ጠነከረ። በአንድ ትንፋሽ ቢገነባ ኖሮ ሳያልቅ ይወድቅ ነበር።

በ1990 እ.ኤ.አ. ማማው ለጎብኚ ተዘጋ። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ከዘመመበት በተቃራኒ፣ በሰሜን በኩል፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን እርሳስ ጫኑበት። ይህ ጊዜያዊ ነበር። የኔን ልብ የሚነካው ዋናው መፍትሔ ነው። የሰመጠውን ጎን ከማንሳት ይልቅ ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግ! በሰሜን በኩል ከመሠረቱ ሥር በመሰርሰሪያ አፈር በትንሽ በትንሹ አወጡ። መሬቱ ወደ ክፍተቱ ሲሰምጥ ማማውም በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ተመለሰ። ማዘንበሉ ከ5.5 ዲግሪ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ወረደ። በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ተከፈተ።

ፈጽሞ ቀጥ ማድረግ ግን አይቻልም። የጥንት ግንበኞች የላይኛዎቹን ፎቆች ሲሠሩ ዝንባሌውን ለማካካስ ሞክረዋል። ስለዚህ ማማው ራሱ እንደ ሙዝ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ታችኛውን ብታቃናው ላይኛው በሌላ በኩል ይዘምብሃል።