ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሆዷ የተነፋ ቡችላ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። በቅርቡ ከሐይቅ ከተማ ሁለት ወር ገደማ የሆናት ቡችላ አምጥቼ እያሳደግሁ ነው። በደንብ ትበላለች፤ ግን ጎኗ ከስቶ ሆዷ ተነፍቷል። ትናንት ደግሞ ጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቤት ውስጥ የልጆቼ አልቤንዳዞል አለ፤ እሱን ብሰጣትስ? ልጆቼ አቅፈዋት ነው የሚውሉት።

መልስ፦ እንኳን ጠየቁ። አልቤንዳዞሉን ግን አይስጧት። ለሰው የተዘጋጀው መጠን ለእሷ ይበዛል፤ ደም የሚሠራውን መቅኔዋን ሊጎዳው ይችላል። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲንም በግምት እንዳትሞክሩት።

ቡችላዎ ሁለት ዓይነት ትል ሳይኖርባት አይቀርም። ሆዷን የነፋው ወስፋት ይመስለኛል። ይህ ገና በማሕፀን ሳለች፣ በኋላም በጡት ወተት ከእናቷ የሚተላለፍ ነው። ነጩ ፍሬ ደግሞ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ ከሚይዘው የተለየ ነው፤ ይህን የምታመጣው ቁንጫ ናት። ውሻዋ ሲበላት ስትነክስ ቁንጫዋን ትውጣለች። ጀርባዋ ላይ ጸጉሩን ገለጥ አድርገው ጥቁር ብናኝ ካገኙ እርጥብ ሶፍት ላይ ያድርጉት። ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው። ቁንጫው ካልጠፋ ትሉ ይመለሳል።

ከንፈሯንም ከፍ አድርገው ድዷን ይዩ። ከነጣ ደም የሚመጥ ትል ሊኖር ስለሚችል ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። ባይነጣም መወሰዷ አይቀርም። እዚያ ተመዝና ለወስፋቱ ፌንቤንዳዞል ወይም ፓይራንቴል፣ ለኮሶ ትሉ ፕራዚኳንቴል ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ ትል ቢወጣት አይደንግጡ። የወስፋቱ መድኃኒት ሦስት ወር እስኪሞላት በየ2 ሳምንቱ ይደገማል።

ልጆቹ እሷን ስለማቀፋቸው፦ የወስፋቱ እንቁላል ሰው የሚይዘው አፈር ላይ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ አንስተው ሽንት ቤት ጉድጓድ ይጣሉ። ልጆቹም ነክተዋት ሳይታጠቡ አይብሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በዓይን የማይታየው ነው። እኛ ወሎዎች ለዓረፋም ለፋሲካም በግ እናርዳለን። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲገኝ «ለውሻ ጣሉት» ይባላል። እባክዎ ይህን አያድርጉ። በዚያ ውሃ ውስጥ የትል ዘር አለ። ውሻዋ ከበላችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ትል አንጀቷ ውስጥ ያድጋል። እሷ ምንም አትሆንም፤ ጤነኛ ትመስላለች። እንቁላሉ ግን በዓይነ ምድሯና በጸጉሯ በኩል ወደ ልጆች አፍ ይገባል። ከዚያ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል፤ አንዳንዴ ካለ ቀዶ ጥገና አይወጣም። እንዲህ ያለውን ጉበት ያቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ጤነኛ የሚመስለውንም የሆድ ዕቃ ሳይቀቅሉ አይስጧት።

ክሊኒክ ሲሄዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ቀጠሮ ያስይዙላት፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላት ይሰጣል።