ክሊኒኩ ጤነኛ ጥርሴን ነቀለ፤ የከፈልኩትን ብር መመለስ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከታች በቀኝ በኩል የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርሴ ተቦርቡራ እንቅልፍ ስትነሳኝ ወደ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ራጅ አስነሥቶ ያየኝ አንድ ሐኪም ነው፤ በማግስቱ የነቀለልኝ ግን ሌላ። ቤት ገብቼ ማደንዘዣው ሲለቀኝ ሕመሙ እዚያው አለ። በመስታወት ሳይ የተነቀለችው ከታመመችው ፊት ያለችው ነች። ተመልሼ ስጠይቅ "እሷም ተበላሽታ ነበር" አሉኝና የታመመችውን ነቀሉልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የታችኛው ከንፈሬ ቀኝ ጎንና አገጬ ደንዝዟል። ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነው። በዚያው በኩል ሌላ አንድ መንጋጋ ከዓመታት በፊት አስነቅዬ ነበር። አሁን ክሊኒኩ ለሁለቱ የከፈልኩትን 4,000 ብር ሊመልስልኝና ወረቀት ሊያስፈርመኝ ይፈልጋል። እናቴ "ሐኪም አይከሰስም፤ ብርሽን ተቀብለሽ ዝም በይ" ትለኛለች። ምን ላድርግ? ከንፈሬስ ይመለሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን ለጊዜው አይፈርሙት። ገንዘቡ የትም አይሄድም። ለምን እንደምል ቀስ ብዬ ላስረዳዎት።

የደረሱብዎት ጉዳቶች ሁለት ናቸው። ክሊኒኩ አንድ ላይ ጠቅልሎ በ4,000 ብር ሊዘጋቸው ፈልጓል። እኔ ግን ለየብቻ ላያቸው።

መጀመሪያ ጥርሷ። እኛ የጥርስ ሐኪሞች እያንዳንዱን ጥርስ በቁጥር ነው የምንጠራው። ከታች በቀኝ ያሉት ሦስት መንጋጋዎች ከፊት ወደ ኋላ 46፣ 47 እና 48 ይባላሉ። 48 ዊዝደም ቱዝ የምንላት የመጨረሻዋ ነች። ከዓመታት በፊት ያስነቀሏት 46 ከሆነች፣ ከኋላዋ ያሉት ሁለቱ ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ተንሸራተው ይሆናል። እንግዲህ ከፊት የሚቆጥር ሐኪም ሁለት መንጋጋ ያያል፤ 46 እና 47 ይላቸዋል። የታመመችውን የመጨረሻዋን "47 ትነቀል" ብሎ ይጽፋል። በማግስቱ ካርዱን የሚያነበው ሐኪም ደግሞ ከኋላ ይቆጥራል። ለእሱ 47 ማለት ከመጨረሻዋ ፊት ያለችው ነች። ይነቅላታል።

በእርስዎ ላይ የሆነው ይህ ነው ብዬ አልምልም፤ የሰማሁት የእርስዎን ወገን ብቻ ነው። ግን መንጋጋ በጎደለበት አፍ ላይ እንዲህ ዓይነት የቁጥር ስህተት የታወቀ ነው። ለዚህም ነው መርፌው ከመወጋቱ በፊት ራጁን ፊት ለፊት አድርጎ፣ ታካሚውን "የትኛዋ ነች? በጣትዎ ያሳዩኝ" ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚነቅለው ሐኪም ጠይቆዎት ነበር? አስታውሰው ይጻፉት።

"እሷም ተበላሽታ ነበር" የሚለውን ደግሞ ራጁ ይመልሰዋል። የተቦረቦረ ጥርስ ራጅ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። 47 ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ፣ ወይም በሙሌት የሚድን ትንሽ ነገር ብቻ ከነበረ፣ መነቀሏ ስህተት ነው። ተበላሽታ ነበር እንኳን ቢባል፣ ሳይነግሩዎትና እሺ ሳይሉ መንቀል አይቻልም። በዚህኛው ነጥብ ላይ ብዙም የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

ከንፈርዎ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ ከጥርሶቹ ሥር ግርጌ፣ አንድ ነርቭ በቦይ ያልፋል። የታችኛው ከንፈርና የአገጭ ስሜት የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። የ48 ሥር አንዳንድ ሰው ላይ ይህን ቦይ ይነካዋል። እንዲህ ያለች ጥርስ ስትነቀል ሐኪሙ ምንም ሳያጠፋ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከንፈርዎ መደንዘዙ ብቻውን የሐኪሙ ጥፋት ማስረጃ አይሆንም። 48 ለማንኛውም መነቀሏ አይቀርም ነበር። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ሥሯ ነርቩን መጠጋቱ ራጁ ላይ ይታይ ነበር? ከታየ፣ "ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል" ብሎ አስቀድሞ የነገረዎት አለ? ደንዝዟል ብለው ሲመለሱስ መርምረውዎታል ወይስ "ይለቅሻል" ብለው ሸኝተውዎታል?

ይመለሳል ወይ ላሉኝ፣ አብዛኛው ይመለሳል። ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል እንጂ። ዊዝደም ቱዝ ካስነቀሉ መቶ ሰዎች ከንፈሩ ለዘለቄታው ደንዝዞ የሚቀር አንድ አይሞላም። ሰባት ሳምንት ተስፋ የሚያስቆርጥ ጊዜ አይደለም፤ ዝም ተብሎ የሚጠበቅም አይደለም።

ነገ ጠዋት መስታወት ፊት ይቀመጡ። ትንሽ ጥጥ ጫፉን ያሹሉና ከግራ ከንፈርዎ ወደ ቀኝ በቀስታ ይሳቡት። ስሜቱ የሚጠፋበት ቦታ ላይ በዓይን ኩል ነጥብ ያድርጉ። ከአንገት ወደ አገጭም፣ ከጉንጭ ወደ ከንፈርም እንዲሁ። ነጥቦቹን ሲያገናኟቸው የደነዘዘው ቦታ እንደ ካርታ ይወጣል። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ቀኑን ይጻፉበት። በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። ካርታው እየጠበበ ከሄደ ነርቩ እያገገመ ነው። ውርር ማለት፣ ጉንዳን የሚሄድበት መምሰልም ጥሩ ምልክት ነው። እነዚህ ፎቶዎች ለሐኪምም ለዳኛም ይጠቅማሉ። እስከዚያው ትኩስ ቡና በግራ ጎን ይጠጡ፤ የደነዘዘ ከንፈር ሲቃጠል አያሳውቅም።

አሁኑኑ ግን የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ዘንድ ይቅረቡ። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል ይህ ክፍል አለው። ሦስት ወር ሞልቶ ካርታው ፈቅ ካላለ፣ ነርቩን በቀዶ ሕክምና ማየት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይህ ጊዜ ካለፈ የመጠገን ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ወደ ካሳው ልምጣ። ክሊኒኩ የቆጠረው እርስዎ የከፈሉትን ነው። መቆጠር ያለበት ግን የጎደለብዎት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። እንደገመትኩት ከሆነ 46 ቀድሞም የለችም። 48 በሕመም ሄደች። 47 ከታች በቀኝ በኩል የቀረችዎት የመጨረሻዋ የማኘኪያ ጥርስ ነበረች። አሁን በዚያ በኩል ሥጋ አይታኘክም። ከላይ ያለችው ጥርስም የምታርፍበት ስታጣ በዓመታት ውስጥ ወደ ታች ልትወርድ ትችላለች።

ብሪጅ፣ ማለትም ከጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ያሠሩ የሚልዎት ይኖራል። ብሪጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፊትም ከኋላም የሚደገፍበት ጥርስ ይፈልጋል፤ ከኋላ ምንም የለዎትም። የቀረው ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ በሚገባ ብረት ላይ የሚገጠም ጥርስ፣ ነው። ለአንዲት ጥርስ እኔ የምመርጠው ኢምፕላንቱን ነው። የነርቩ ነገር ሳይታወቅ ግን አይነካም፤ አጥንቱና ቦዩ በሲቲ ስካን መታየት አለባቸው። ብረቱ ከገባ በኋላም ከላይ ጥርሱ እስኪገጠም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። እንግዲህ ሲቲው፣ ኢምፕላንቱ፣ ጥርሱ፣ ምልልሱ፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ይደመር። ከሌላ ክሊኒክ የዋጋ ማቅረቢያ በጽሑፍ ያስወጡ። ትክክለኛው የመነሻ ቁጥር እሱ ነው።

ሚዛኑ ለሁለቱም ወገን እንዲሆን ይህንም ልበል። 46ን ክሊኒኩ አልነቀለም፤ ይተካልኝ አይባልም። 48ን የነቀሉበት ዋጋም የተገባ ነው። የማይገባውን ሲተዉ የሚገባዎትን በሙሉ አፍ መጠየቅ ይችላሉ።

እናትዎን አከብራለሁ፤ የብዙ ሰው አነጋገር ነው። ሐኪም ግን ይጠየቃል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት እናት ጥርስ ስነቅል ጎን ያለችውን ጥርስ ሙሌት ሰበርኩ። እዚያው ወንበሩ ላይ ነገርኳቸው፤ በነጻ ሠራሁላቸው። ዛሬም ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሰው ስህተትን ይቅር ይላል፤ የሚያንገበግበው መደበቁ ነው። በእርስዎም ደብዳቤ ውስጥ ያሳመመኝ ጥርሷን ከማጣትዎ ይልቅ "እሷም ተበላሽታ ነበር" መባልዎ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ የሚነሡ ጥቂት አንቀጾች አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ስለዚህ "ያ ሐኪም ለቋል" ቢሉዎት አይደንግጡ። ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን የሚያዘውም ይኸው ሕግ ነው።

አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ለሕሊና ጉዳት (ለሐዘንና ለጭንቀት) ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ታጥሯል። በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሰባት ሳምንት ጭንቀት በ1,000 ብር አይለካም። በስምምነት ሲደራደሩ ግን ይህ አጥር አያግድዎትም። በሽምግልና መጨረስ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጊዜውንም ልብ ይበሉ፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በውል ላይ የሚመሠረት ክስ ረዘም ያለ ጊዜ አለው፤ እርስዎ ግን አጭሩን ይዘው ይቁጠሩ።

በዚህ ሳምንት ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ይጻፉ። ካርድዎን፣ ከመነቀሉ በፊት የተነሣውን ራጅና ፈርመው ከነበረም የስምምነት ቅጹን ቅጂ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። አንዱን ያስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ደረሰኞችዎን አይጣሉ። ራጁን ይዘው ከክሊኒኩ ጋር ግንኙነት የሌለው የጥርስ ሐኪም ያማክሩና የጽሑፍ ማስረጃ ይቀበሉ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ከባለቤቱ ጋር ይቀመጡ።

እምቢ ካሉ ለአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አቤት ይበሉ። የባለሙያ ጥፋት የሚያጣራው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። እሱ ካሳ አይቆርጥም፤ ጥፋት አለ ካለ ግን ፍርድ ቤት ሲሄዱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከንፈሩ ካልተመለሰ ደግሞ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሆስፒታል የሕክምና ቦርድ ነው። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰዎት፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ከተስማማችሁ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ፤ "ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም" የሚል። እንዲያስፈርሙዎት የፈለጉት ወረቀት ላይም ይህ ሳይኖር አይቀርም። እሷን ከፈረሙ ከንፈርዎ ባይመለስም በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በምትኩ ስምምነቱ የ47ን ጉዳት ብቻ እንደሚመለከት፣ የከንፈሩ ጉዳይ የሐኪም ውጤት እስኪታወቅ እንደተጠበቀ እንደሚቆይ ይጻፍ። ኢምፕላንቱን "እኛው እንሥራልሽ" ካሉም እምቢ የማለት መብት አለዎት፤ ገንዘቡ ይከፈልና የሚያምኑት ሐኪም ዘንድ ይሠሩ።