ሮዝ የሆነው ቀለህ፦ አሲድ ሲበዛ ናስ ምን ይሆናል?

ከሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ አንድ ወንድም ጽፎልኛል። የአጋዘን አደን ወቅት ሳይደርስ 60 የ308 ዊንቸስተር (የአደን ጠመንጃ ጥይት ዓይነት ነው) ቀለሆቹን መልሶ ለመጫን፣ ማለትም በአዲስ ባሩድና አረር ሞልቶ እንደገና ጥይት ለማድረግ፣ ቀለህን ውሃ ውስጥ እያሽከረከረ የሚያጥብ ተምብለር የሚባል አዲስ ማሽን ገዛ። ባለ 7 ሊትሩ ከበሮ ውስጥ ሙቅ ውሃ፣ 5 ፓውንድ የስቴንለስ ፒን (ቀለሁን የሚፈትጉ አጫጭር የብረት ሽቦዎች)፣ የዕቃ ሳሙናና 3 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ከተተ። እናቱ የናስ ትሪ በሎሚ ሲያሹ እያየ ስላደገ የሁለት ሎሚ ጭማቂም ጨመቀበት። ማታ አስነስቶት ተኛ፣ ጠዋት አጠፋው። ግማሾቹ ቀለሆች ሮዝ ሆነው ወጡ። አፋቸው ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ፎጣ ላይ ሲደርቁ ነጫጭ ነጠብጣብ ያዙ፣ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይጠቁሩ ጀመር። «ጋሼ፣ ልጣላቸው ወይስ ልጫናቸው?» ይላል። በመጨረሻም ባለቤቱ በኩሽናው ኦቨን እንዳያደርቃቸው እንደከለከለችው ነግሮኛል።

ወንድሜ፣ አብዛኞቹ ይተርፋሉ ብዬ አስባለሁ። ግን እስክትለያቸው ድረስ አንዱንም እንዳትጭን።

መጀመሪያ ሮዙ ከየት መጣ የሚለውን እንይ። ቀለህ የሚሠራበት ናስ ከመቶው 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። ቢጫነቱ የሚመጣው ከዚንኩ ነው። አሲዱ ሲበዛ፣ ውሃው ሲሞቅና ሰዓቱ ሲረዝም ዚንኩ ከላይኛው ገጽ እየሟሟ ይወጣና መዳቡ ብቻውን ይቀራል። የመዳብ መልክ ደግሞ ቀይ ነው። እናትህ አልተሳሳቱም፤ ሎሚ ናስን ያጸዳል። እሳቸው ግን ትሪውን ለአንድ ደቂቃ አሽተው ወዲያው በውሃ ያለቀልቁታል። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፈህ አሽከረከርከው።

ሌላም መንገድ አለ። ከተኩስ ሜዳ የለቀምካቸው ቀለሆች ከተቀላቀሉበት፣ አንዳንዶቹ ናስ የተቀቡ ብረት ሊሆኑ ይችላሉ። አሲዱ ያሟሟው መዳብ ብረት ባለበት ውሃ ውስጥ ተመልሶ ዕቃው ላይ ይለጠፋል። አንጥረኞች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ብር የሚሠራ ሰው አሲድ ውስጥ የነከረውን ሥራ በብረት ጉጠት አያወጣም፣ ካወጣ ብሩ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ማግኔት ያዝና ሁሉንም ፈትሽ። የተሳበው ሁሉ ይወገድ።

አሁን ወደ መለየቱ። ሁሉንም በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ምንም አሲድ ሳትጨምር፣ 20 ደቂቃ ያህል አሽከርክራቸው። ከዚያ አንዱን ሮዝ ቀለህ ውሰድና ጎኑን በአረንጓዴው የዕቃ መፈተጊያ ጥቂት ፈትገው። ሮዙ ተነስቶ ከሥሩ ቢጫው ከወጣ ጉዳቱ ከቆዳ አላለፈም፣ መልኩን እንጂ አቅሙን አልነካም። ብትፈትገውም ቀይነቱ ካልለቀቀ፣ ወይም በአጉሊ መነጽር ስታየው ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተቦረቦረ አትመራመር፣ ጣለው። ካሉህ ሁሉ በጣም የቀላውን አንዱን ደግሞ ለፈተና ሠዋው፤ አንገቱን በፒንሳ ቀስ እያልክ ጨፍልቀው። ጤነኛ ናስ ይተጣጠፋል። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረከሰ እንደሱ የቀሉትን በሙሉ አስወግድ። እዚህ ላይ ቆጣቢ መሆን አያስፈልግም። 308 እስከ 62,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት የሚፈቀድለት ጥይት ነው፤ የመኪናህ ጎማ የሚይዘው 35 አካባቢ ነው። ያ ሁሉ ግፊት ከፊትህ ጥቂት ኢንች ርቀት ላይ ወደ ኋላ እንዳያፈተልክ የሚዘጋው ይህ ስስ ናስ ነው።

ቀለሁ እጅህ ላይ እያለ ሌላም ነገር ተመልከት። ከቂጡ ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን ቀለበት ካየህ፣ ናሱ በተደጋጋሚ መተኮስ ተለጥጦ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል ማለት ነው። የወረቀት መያዣ ሽቦ ዘርጋና ጫፉን ትንሽ ቆልምመህ በአፉ አስገባው፤ ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየነካህ ሳበው። ጫፉ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ያዝ ካደረገህ ያ ቀለህ ሊበጠስ የተዘጋጀ ነው። እኔ ቀለህ ማጠብን ከምንም በላይ የምወደው ለዚህ ነው። ጥላሸት የለበሰ ቀለህ ስንጥቁን ይደብቃል፣ የታጠበው ያሳያል። እንደ መስታወት ማብረቁ ለእኔ ትርፍ ነገር ነው፤ ጥይት በማብረቁ ኢላማ አይመታም።

የአፋቸው መጠቅለል የመጣው ከአሲዱ አይደለም። 60 የ308 ቀለህ አንድ ፓውንድ ተኩል አካባቢ ቢሆን ነው። ለ7 ሊትር ከበሮ ጥቂት ነው። ከበሮው ባዶ ሲሆን ቀለሆቹ ከላይ ወደ ታች እየወደቁ አፍ ለአፍ ይጋጫሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ መዶሻ እንደ መቀጥቀጥ ነው። ከበሮው ሞላ ሲል ግን ተደጋግፈው ይንሸራተታሉ እንጂ አይወድቁም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቀለሁን በዳዩ (ቀለሁን ጨምቆ ወደ ልኩ በሚመልሰው ቅርጽ ማውጫ) አሳልፈህ ልኩን አስይዝ፣ ርዝመቱን ለካ፣ ከዚያ የአፉን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም በቻምፈር መሣሪያ (ጠርዝ መላጫ) ሁለት ሦስት ዙር ግፈፈው። ይህን ካላደረግክ ያ የተጠቀለለ ጠርዝ አረሩን ስታስገባ የመዳብ ልባሱን ይፍቀዋል።

ቀጣዩን እጠባ እንዲህ አድርገው። ፕራይመሩን (ቂጡ ላይ የተሰካውን፣ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ ቆብ) አስቀድመህ አውልቅ። አውልቀህ እንደነበር በደብዳቤህ አልነገርከኝም፣ ግን ካላወለቅክ መቀመጫው አይጸዳም፣ ውሃም ይይዛል። ወደ ከበሮው ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱን ቀለህ ሆድ በባትሪ ብርሃን እይ። ከሜዳ የተለቀመ ከሆነ ያልተተኮሰ ጥይት ሊኖርበት፣ ትንሽ የ22 ቀለህም ትልቁ ውስጥ ተሰክቶ ሊደበቅ ይችላል። ለብ ያለ እንጂ ሙቅ ያልሆነ ውሃ ቀለሆቹና ፒኖቹ ላይ ጥቂት ጣት ከፍ እስኪል ጨምር። የዕቃ ሳሙና አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

አሲዱን እኔ የምሰፍረው በባዶ የ9 ሚሊ ሜትር ቀለህ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀለህ፣ ከዚያ በላይ የለም። ይህ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያንሳል። የሳን አንቶኒዮ ውሃ በአብዛኛው ከኤድዋርድስ አኩፈር ከሚባል የከርሰ ምድር ውሃ፣ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ካልሲየም የበዛበት ጠንካራ ውሃ ስለሆነ ለአንተ ሁለት ቀለህ እፈቅድልሃለሁ። አንተ የጨመርከው 3 የሾርባ ማንኪያ የአንዱን ቀለህ 50 እጥፍ ያህል ነው፣ ሎሚው ሳይቆጠር። የሚሽከረከርበት ጊዜም ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላው ከፍተህ አንዱን እይ፤ ጥላሸቱ ከለቀቀ አቁም።

ያየኸው ነጭ ነጠብጣብ ያው የማንቆርቆሪያህ ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ኖራ ነው። ውሃው ሲተን ኖራው ቀለሁ ላይ ይቀራል። መጥቆሩ ደግሞ ያልለቀቀ የአሲድ ቅሪት ሥራ ነው፤ በባዶ እጅ የነካኸውም የላብ ጨው ጨምሮበታል። ሁለቱም መፍትሔያቸው ማለቅለቅ ነው። ውሃው ጥርት እስኪልና አረፋ እስኪያጣ ሦስት አራት ጊዜ ለውጥ። የመጨረሻውን ዙር ከሱቅ በተገዛ ዲስቲልድ በሚባለው የተጣራ ውሃ አድርገው፣ አንድ ጋሎን ለብዙ ቀለህ ይበቃል። ብዙ ሰው በዕቃ ሳሙናው ፋንታ ሰም ያለበት የመኪና ሻምፖ ይጠቀማል። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ቀለሁ ለወራት ሳይጠቁር ይቆያል።

በምንም ምክንያት በረኪና እንዳትጨምር። አቼቶ ከጨው ጋርም ይቅርብህ። ጥቁረቱን ለማንሳት ደግሞ እንደ ብራሶ ያለ አሞንያ ያለበት ፖሊሽ እንዳትነካ። አሞንያ የናስ ጠላት ነው። በእንግሊዞች ዘመን ህንድ ውስጥ፣ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ ውስጥ የተከማቹ ጥይቶች ማንም ሳይነካቸው ቀለሆቻቸው ይሰነጠቁ ነበር። ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሳው አሞንያ መሆኑ በ1921 እ.ኤ.አ. ተብራራ፦ ቀለህ ሲሠራ ተስቦና ተጨምቆ ስለሆነ ውጥረት በውስጡ ይቀራል፣ አሞንያው ደግሞ በዚያ ውጥረት በኩል ሰብሮ ይገባል። አንተ ቤት ጋጣ የለም፤ መስታወት የምታጸዳበት ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ግን አሞንያ ሊኖር ይችላል፣ ጀርባውን አንብብ።

ስለ ፒኖቹ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለጥቂት አምልጫለሁ። አንድ ጊዜ የ223 (ከ308 የሚያንስ የጠመንጃ ጥይት) ቀለሆች አጥቤ፣ አድርቄ፣ ፕራይመር ላስገባ ስል አንዱን ወደ መብራት አቅንቼ በአፉ አየሁ። ከታች የእሳት ቀዳዳው፣ የፕራይመሩ እሳት ወደ ባሩዱ የሚያልፍበት፣ መታየት ሲገባው ጨለማ ነው። በመርፌ ስነካው አልነቃነቅ አለ። ሁለት ፒኖች ጎን ለጎን ገብተው ተቆላልፈዋል። ከዚያ ቁጭ ብዬ ለካሁ። አንዱ ፒን ውፍረቱ 0.041 ኢንች ነው፣ ሁለቱ 0.082፤ የእሳት ቀዳዳው ደግሞ 0.080 አካባቢ። ሁለቱ ፒኖች ለዚያ ቀዳዳ ሆን ተብለው የተቆረጡ ሽብልቅ ይመስሉ ነበር። ብጭነው ኖሮ ጥይቱ ላይነሳ ወይም ፒኑ በአፈ ሙዙ ተፈትልኮ ሊወጣ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ባትሪ አንድም ቀለህ አላልፍም። በ223 አንገት ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ፒኑ ስድስት ሚሊ ተኩል ይረዝማል፣ የአንገቱ ስፋት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ አግድም ይወተፋል። የአንተ 308 ሰፋ ስለሚል በዚህ በኩል ይሻላል፣ የእሳት ቀዳዳውን ግን ሁሉንም እይ። ፒኖቹን ለመለየት ቀለሆቹን ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ወንፊት ላይ አድርገህ አገላብጣቸው፤ ውሃ ውስጥ ሲሆን በቀላሉ ይወርዳሉ።

ስለ ኦቨኑ ባለቤትህ ልክ ናት፣ ይህን እንድታደርግ አልፈልግም። አብዛኛው ፕራይመር የእርሳስ ውህድ ይዟል፤ ሲተኮስ ቅሪቱ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ዳቦ በሚጋገርበት ቦታ አይገባም። በዚያ ላይ ኦቨኑ ከልኩ አልፎ ቢግል የቀለሁ ቂጥ ይለሰልሳል፣ ቂጡ ደግሞ ጠንካራ ሆኖ መቅረት ያለበት ክፍል ነው። ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል፣ ምግብ ደግሞ የማይገባበት አሮጌ የፍራፍሬ ማድረቂያ ፈልግ፤ 150 ፋራናይት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከሌለህ በፎጣ አራግፈህ የቴክሳስ ፀሐይ ላይ አፋቸውን ወደ ታች ደርድራቸውና ሁለት ቀን ተዋቸው። ውሃ የቀረበት ቀለህ ባሩዱን ያበላሻል፣ ፕራይመሩንም ይገድላል። ስትጠራጠር አንድ ቀን ጨምርበት።

የታጠበበትን ጥቁር ውሃም አስብበት። በደረቁ የሚንቀጠቀጠው ማሽን እርሳሱን አቧራ አድርጎ ሳንባህ ውስጥ ይከተዋል፣ የውሃው ያንን ያስቀርልሃል። እርሳሱ ግን አልጠፋም፣ ውሃው ውስጥ ነው። ጓንት አድርግ፣ የኩሽና ገንዳ አትጠቀም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ አትድፋው። በባልዲ አጠራቅመህ የት እንደሚቀበሉ የከተማህን የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ጠይቅ።

የቀረ ነገር ቢኖር አንገቱ ነው። በውሃ የታጠበ ናስ ውስጡ ሳይቀር ድርቅ ይላል፣ አረሩን ስታስገባ ይነክሰዋል። በዳይ ስታልፈው ቅባቱን አትርሳ፣ አረር ከማስገባትህ በፊት ደግሞ የአንገቱን ውስጥ ጥቂት ግራፋይት በነካ ብሩሽ ንካው። ደረቁ ማሽን ካለህ በበቆሎ ቆረቆንዳ ውስጥ 15 ደቂቃ ማሽከርከርም ያንኑ ይሠራል። ፈተናውን ካለፉት ሮዝ ቀለሆች 5ቱን ብቻ፣ ከመጫኛ መጽሐፍህ ዝቅተኛው የባሩድ መጠን ጀምረህ ጫንና ተኩሳቸው። ቀለሆቹን ሰብስበህ አንገታቸውን በአጉሊ መነጽር እይ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በአንዱ ላይ እንኳ ካገኘህ ሮዝ የነበሩትን በሙሉ ጨፍልቀህ ለናስ ገዢ ሽጣቸው።