ኮላው እስኪደርቅ

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ የእንጨት ሥራ አስተምሬያለሁ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የበር መቃን፣ ቁም ሳጥን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እጄ ላይ የቀረው ሥራ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ቁመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የወረቀት ሮኬት። ዛሬ ስለ እሱ ልጻፍላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ 2012 ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀችው ያኔ ነው። የሰፈራችን ልጆች መንገድ ላይ ያዙኝ። "ጋሼ፣ ሮኬቱንስ ማን ሠራው?" አሉኝ። ሳተላይቷ የተነሣችው ከቻይና ምድር፣ በቻይና ሮኬት እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊታቸው ቅዝቅዝ አለ። ያ ፊት ከልቤ አልወጣም። የከተማችን ስም ራሱ የመጣው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። እዚህ ያደገ ልጅ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ "ይህ የኔ አይደለም" እንዲል አልፈልግም።

ከጊዜ በኋላ ውጭ አገር የምትኖረው ልጄ ስትመጣ ሦስት የሞዴል ሮኬት፣ ማለትም በእጅ የሚገጣጠም ትንሽ ሮኬት፣ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ውስጡ የወረቀት ቱቦ፣ ባልሳ የሚባል እንደ ላባ የቀለለ እንጨት፣ ሹል አፍንጫ፣ ላስቲክና ትንሽ የፕላስቲክ ፓራሹት አለ። ሞተሩ የለም። ባሩድ ያለበት ነገር በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው። "ሞተር ከሌለው ምን ያደርግልናል?" እኔም "እንደሚበር አድርገን እንሠራዋለን" አልኳቸው። ይህን ስል ከልቤ ነበር። አሁንም ከልቤ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። እጁ ወርቅ ነው። መጋዝ ሲይዝ መስመሩን አይስትም። አንድ ቀን ቤቱ ቁጭ ብሎ የክብሪት ራስ እየፋቀ የብረት ቱቦ ውስጥ ጠቀጠቀ። ሮኬት ሊሠራ ነው። ፈነዳበት። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት አጣ። ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ ምን እንደምለው ጠፋኝ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ክብሪት አትፋቁ። ባሩድ አትቀላቅሉ። ኢንተርኔት ላይ "በቤት ውስጥ የሚሠራ ነዳጅ" የሚል ቪዲዮ ካያችሁ ዝለሉት።

የሞዴል ሮኬት ራሱ ከዚህ ሥጋት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1954 አሜሪካ፣ ኔብራስካ ውስጥ ኦርቪል ካርላይል የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ጫማ መሸጥ ነው። ወንድሙ ሮበርት ስለ ሮኬት ለሰው ሲያስረዳ የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው ብሎ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት ትንሽ ሮኬት ሠራለት። በ1957 ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት ባለሙያ ስለ ደህንነት የጻፈውን ካርላይል አነበበና የሠራውን ላከለት። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥም ነዳጅ እየቀላቀሉ የሚጎዱ ልጆች ነበሩ። የካርላይል ሐሳብ ለዚህ መልስ ሆነ። ሮኬቱን ልጁ ይሠራል፤ ሞተሩን ግን ፋብሪካ ያመርታል። በዓመቱ በ1958 ቨርን ኤስቲስ ሞተሩን የሚያመርት ማሽን ሠራ። ዛሬም ሕጉ ያው ነው። ሞተሩ ያለበት አገር እንኳ የሚያስወነጭፉት በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቢያንስ 5 ሜትር ርቀው ቆመው ነው። ስለዚህ ሞተር የሌለው ካርቶን ደረሰን ብላችሁ አትዘኑ። የናንተ ድርሻ ሙሉ በሙሉ እጃችሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ባልሳውን ከመቁረጣችሁ በፊት የሚሰነጠቅበትን መስመር እዩ። እንጨት ፈልጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ፋስ በአንድ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው እምቢ ይላል። ያ መስመር የክንፉን የፊት ጠርዝ ተከትሎ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ከቱቦው ጎን ለጎን ከሄደ ክንፉ መሬት በነካ ቁጥር ከሥሩ ቀጭ ይላል። ይህን ሳያይ የቆረጠ ልጅ ቀለሙን ምንም ያህል ቢያሳምር ጉዳቱ ከሥር ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ቱቦ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ብዙዎችን ያስቸግራል። ክብ ነገር ላይ ማስመሪያ ይንሸራተታል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ቱቦውን የበር መቃን ጥግ ውስጥ አስደግፋለሁ። የመቃኑ ጠርዝ ራሱ ማስመሪያ ይሆነኛል። እርሳሱን በጠርዙ ላይ አስኬደዋለሁ። ለሦስት ክንፍ ደግሞ ቀጭን ወረቀት ቱቦው ላይ ጠምጥማችሁ ልክ ሲገጥም ቁረጡት። ከዚያ ሦስት ቦታ እኩል ክፈሉትና መልሳችሁ ጠምጥማችሁ ምልክቱን ቱቦው ላይ አሳርፉ።

ኮላ ላይ ደግሞ ችኮላ አይሆንም። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀቡና ይድረቅ። እንጨቱም ወረቀቱም ይጠጣው። ከዚያ ድጋሚ በስሱ ቀብታችሁ ክንፉን አቁሙት። በዚህ መንገድ የተጣበቀ ክንፍ ከመላቀቁ በፊት ወረቀቱ ይቀደዳል። ክንፉ በደንብ ሲደርቅ ጥጉን በኮላ ሙሉና በረጠበ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግ አድርጉ። ሁለቴ ከነካካችሁት ይሻክራል። በእኛ ብርድ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት አይሠራም። እኔ ማታ አጣብቄ የምነካው በማግሥቱ ከሰዓት ነው።

ልጆች "ጋሼ፣ አለቀ" የሚሉኝ እዚህ ላይ ነው። የሮኬት ቅርጽ ይዟላ! እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ አብልጬ እወደዋለሁ።

ቱቦውን ወደ መስኮት አዙራችሁ በጎን እዩት። ወረቀቱ የተጠቀለለበት ስስ መስመር ዙሪያውን ሲጠመዘዝ ይታያል። ባልሳው ደግሞ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ቀለም ይጠጣል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ገዝተው ወዲያው እንጀራ አይጋግሩበትም። መጀመሪያ በጎመን ዘር ያሟሹታል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል። የሮኬት ገጽም ማሟሻ ይፈልጋል። የእንጨት ስቱኮ በውሃ አቅጥኑ፤ እንደ እርጎ ይሁን። በብሩሽ ቀብታችሁ ይድረቅ። ከዚያ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ቀጥሎ በ400። ከቀባችሁት አብዛኛው ተመልሶ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። አትዘኑበት። የሚፈለገው ቀዳዳው ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። የተረፈው ክብደት ነው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ስቱኮውን ቀብታ፣ ፈግፍጋ፣ ጨርሻለሁ አለች። ዓይንሽን ጨፍኚና አውራ ጣትሽን ከክንፉ ወደ ቱቦው አሂጂው አልኳት። ጣቷ መሐል ላይ ቆመ። ምንም አልተናገረችም። ተመልሳ ቁጭ አለች። ሁለት ቅዳሜ እሱኑ ጥግ ስትፈገፍግ ዋለች፤ ብርጭቆ ወረቀቱን እርሳስ ላይ ጠምጥማ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ስታሂድ ሳይቆም አለፈ። "ጋሼ፣ የለም!" አለች። የቱ ጋ እንደነበር እኔም አላገኘሁትም።

ቀለም ላይ እኔም ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ሮኬቴን የቀባሁት በነሐሴ ነው። ጉም ከጣርማ በር በኩል ገብቶ ከተማውን የሸፈነበት ቀን ነበር። ቀዩ ቀለም ሲደርቅ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቀለም እንዲህ ይደበዝዛል። ሙሉውን ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። አሁን የምቀባው በበጋ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሣና አቧራው ይለጠፋል። ስፕሬይ ከሆነ ጣሳው ይቀዘቅዛልና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ እሳት አጠገብ ግን በጭራሽ። ደጅ ቀቡ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫው ወይ ቀዩ። ነጭ ከሥር ከሌለ ቢጫ ቆሻሻ ይመስላል። ስስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡ። አንዴ ካወፈራችሁት ይንጠባጠባል፣ ክንፉም ይከብዳል።

የክንፍ ክብደት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚሄደው የክብደቱ መሐል ነፋስ ከሚገፋው መሐል ወደ አፍንጫው ቀደም ሲል ነው። ቢያንስ በቱቦው ውፍረት ልክ መቅደም አለበት። ኋላው በቀለምና በኮላ ከከበደ ይህ ይዛባል። የምትፈትኑት በክር ነው። ሞተሩ በሚገባበት ቦታ 20 ግራም የሚያህል ነገር አስገቡ፤ የትንሹ ሞተር ክብደት ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። ፓራሹቱም ውስጡ ይሁን። ሮኬቱ ሚዛን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጋችሁ ክሩን እሱ ላይ እሰሩ፣ በፕላስተርም ያዙት። ከዚያ ሰፊ ቦታ ቆማችሁ ከራሳችሁ በላይ አዙሩት። አፍንጫው ቀድሞ ከዞረ ጥሩ ነው። ጅራቱ ከቀደመ ወይ ከተገለባበጠ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ጭቃ ጨምሩ።

እኛ ይህን የምናደርገው በሬሳ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ያለ ሜዳ ላይ ነው። የዚያች ልጅ ሮኬት በመጀመሪያው ዙር አፍንጫውን አስቀድሞ ዞረ። ሲዞር ስስ ፉጨት ነበረው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሮጠው መጡ።

የግድ ሽቅብ ሲሄድ ማየት አለብኝ ለሚል ደግሞ ውሃ አለ። የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሲሶው ውሃ፣ የብስክሌት ፓምፕ። ሃይላንድ የምንለው ስስ የውሃ ጠርሙስ ግፊት አይችልም፤ እሱን ተዉት። ከታላቅ ሰው ጋር፣ ራቅ ብላችሁ፣ ፊታችሁን ጠብቃችሁ። ክንፉን እዚሁ በተማራችሁት መንገድ ሥሩት። አንዱ ክንፍ ትንሽ ከተጣመመ ጠርሙሱ አየር ላይ እየተሽከረከረ ሲሄድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የበር መቃኑ ጥቅም ያኔ ይገባችኋል።

ቅዳሜ የቀጣዩን ካርቶን ክንፍ እናጣብቃለን። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በሬ ክፍት ነው። ኮላውና ስቱኮው ከእኔ። ብርጭቆ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ 220 እና 400 ቁጥር።