ደብዳቤው የት ገባ? የመዝገብ ቤት ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከተቀጠርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ገቢ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ባለጉዳይ ሲጠይቀኝ ግን "ገብቷል" ከማለት በቀር የት እንዳለ መናገር አልችልም። ኃላፊው "መርቼዋለሁ" ይላሉ፤ ባለሙያው "አልደረሰኝም" ይላል። ጥፋቱ የማን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ደብዳቤ መዝገብ ቤት መግባት ያለበት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከውጭ ሲመጣ፣ አንዴ ደግሞ ኃላፊው ከመሩት በኋላ። ብዙ ቦታ ሁለተኛው የለም። ኃላፊው ጥግ ላይ "አቶ እገሌ፣ አይተው ያቅርቡልኝ" ብለው ይጽፋሉ፣ ተላላኪው ወይም ባለጉዳዩ ራሱ ይዞት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ስለዚህ የተመራ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንዲመለስ ኃላፊውን ያስፈቅዱ። ለማን እንደተመራ ጽፈው፣ በማስረከቢያ ደብተር አስፈርመው ይስጡ። "ለዛሬ ብቻ ልውሰደው፣ ነገ እፈርማለሁ" የሚል የሥራ ባልደረባ አይጠፋም። ያለ ፊርማ አይስጡት፤ ነገ ሲመጣ ደብዳቤውም ፊርማውም አይኖርም።

የገቢ መዝገብዎ ዓምዶች እነዚህ ይሁኑ፦ ተራ ቁጥር፣ የደረሰበት ቀን፣ ላኪው፣ የደብዳቤው ቁጥርና የተጻፈበት ቀን፣ ጉዳዩ፣ የአባሪ ገጽ ብዛት፣ የተመራለት ሰው፣ የተመራበት ቀን፣ የተቀባይ ፊርማ፣ የገባበት ፋይል ቁጥር። ባዶ ሆነው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹ አራቱ ናቸው፤ ባለጉዳይ የሚፈልገው ግን እነሱኑ ነው። "ጉዳዩ" በሚለው ሥር "ትብብር ስለመጠየቅ" ብለው አይለፉት። ትብብር የማይጠይቅ ደብዳቤ የት አለ? "የሁለት ሠራተኞች ዝውውር"፣ "የመጋዘን ጣሪያ ጥገና ክፍያ" ብለው ይጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ፈልገው የሚያገኙት በዚህ ነው።

አባሪ ሳይቆጥሩ አይፈርሙ። ደብዳቤው "አባሪ 6 ገጽ" ብሎ እጅዎ የገባው 5 ከሆነ፣ በአምጪው ደብተር ላይ "5 ገጽ ተረክቤያለሁ" ብለው ጽፈው ይፈርሙ። ዝም ብለው ከፈረሙ ስድስተኛዋን ገጽ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ወጪ ደብዳቤ ቁጥር የሚሰጠው ከተፈረመ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚሰጥ ከሆነ፣ ኃላፊው ሐሳባቸውን ሲቀይሩ መዝገቡ ላይ ባለቤት የሌለው ቁጥር ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት ቁጥሩን ለሌላ ደብዳቤ አይስጡ፤ "ተሰርዟል" ብለው ምክንያቱን ያስፍሩ። የሚላከው ከመውጣቱ በፊት ቀሪው (መዝገብ ቤት የሚቀመጠው ቅጂ) እጅዎ መግባቱን ያረጋግጡ፦ የተፈረመ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ የአርቃቂው አጭር ፊርማ ያለበት። ግልባጭ የተባሉት ክፍሎችም እያንዳንዳቸው ይፈርሙ። ማኅተሙ ፊርማውን በከፊል ይንካ እንጂ ስሙን አይሸፍን፤ ቲተሩ (የፈራሚው ስም ያለበት ማኅተም) ካልተነበበ ማን እንደፈረመ አይታወቅም።

ፋይል ሲወጣ ቦታውን ባዶ አይተዉት። የፋይሉ ቁጥር፣ የወሰደው ሰው ስምና ቀኑ የተጻፈበት ጠንካራ ካርቶን ይሰኩበት። ከፋይል ውስጥ ነጠላ ወረቀት ነቅሎ መስጠት ክልክል ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ ይስጡ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሥራ ከመዝጋትዎ በፊት መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠው የፋይል ቁጥር ያልሞላባቸውን መስመሮች ያስሱ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ የተንጠለጠለው ሁሉ የሚገኘው ግን እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የ180 ሠራተኞች የግል ማኅደር በስም ቅደም ተከተል አደራጅ ተብዬ ነበር። በኤክሴል ደረደርኩት፤ "ኃይሉ" እና "ሐይሉ" ለየብቻቸው ሄዱ። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኮምፒዩተሩ የሚደረድረው ፊደላቱ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በተሰጣቸው ተራ ነው። በዚያ ተራ ሐ ከለ በኋላ፣ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ይመጣል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለማሽኑ ሦስት ፊደል ናቸው። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ"፣ "ፀሀይ" የሚሉ ሦስት ሠራተኞች ካሉዎት ሦስት ቦታ ይበተናሉ።

መፍትሔው ከስሙ ጎን ሌላ ዓምድ መክፈት ነው። እዚያ ስሙን በአንድ ወጥ ሆሄ ይጻፉ፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ ሁሉም በሀ፤ ሠ በሰ፤ ዐ እና ዓ በአ፤ ፀ በጸ። በዚያ ዓምድ ይደርድሩ። ማኅደሩ ላይ የሚጻፈው ስም ግን መታወቂያው ላይ እንዳለው ይቆይ፤ የሰው ስም ሆሄ "ማስተካከል" የእርስዎ ሥራ አይደለም፣ ኋላ በጡረታ ጊዜ ጣጣ ያመጣል።

መነሻው የራሱ ስም ነው፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። አቶ፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር በተራው አይቆጠሩም። "ገ/መድኅን" እና "ወ/ጊዮርጊስ" ከመደርደሩ በፊት "ገብረ" እና "ወልደ" ተብለው ይፈቱ፤ "ኃይለ ሚካኤል"ም ተለያይቶ ተጻፈ ተያይዞ፣ ክፍተቱን አጥፍተው እንደ አንድ ቃል ይያዙት።

እውነቱን ለመናገር ግን ለ180 ሰው በስም መደርደርን አንመክርም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መደርደሪያውን ማሸጋሸግ ይመጣል። ማኅደሮቹን በመለያ ቁጥር አስቀምጠው፣ የስም ዝርዝሩን በኮምፒዩተርና በአንድ የታተመ ወረቀት ይያዙ። መብራት ሲጠፋ ወረቀቱ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በኢሜይል የላክነው ደብዳቤ ተቀባዩ ጋር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የተጻፈው በአሮጌ ፎንት ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚስሉ ነበሩ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ከሥር ያለውን ላቲን ያወጣዋል። ለማረጋገጥ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ ኤብሪማ ይቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ከተበላሸ አይደለም። ከእንግዲህ የመጻፊያ ፕሮግራሙን በዩኒኮድ ላይ አድርገው፣ በኒያላ ወይም በኤብሪማ ይጻፉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከሌለ ከተጨማሪ ፎንቶች መካከል ይጫናል። የተፈረመ ደብዳቤ ግን ምንጊዜም በወርድ ሳይሆን በፒዲኤፍ ይላክ።

ጥያቄ፦ በክረምት ፕሪንተራችን ወረቀት እየጎረሰ አስቸገረን። (ከጎንደር)

መልስ፦ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቷል። የተከፈተ ደስታ (የወረቀት እሽግ) በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ማታ ትሪው ላይ አይተዉት። ከመጫንዎ በፊት ጠርዙን እያራገቡ ያላቁት። ሲገዙም ይመዝኑ፦ 500 ቅጠል ያለው ባለ 80 ግራም ኤ4 ወደ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ 2 ኪሎ ከ200 ግራም አካባቢ ከሆነ ማሸጊያው ምንም ይበል ባለ 70 ነው። የተጎረሰውን ወረቀት ወደሚሄድበት አቅጣጫ በሁለት እጅ በቀስታ ይሳቡ፤ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ቀጣዩም እዚያው ይያዛል።

ጥያቄ፦ ለውጭ ድርጅት ስንጽፍ ዓመተ ምሕረቱን 7 ወይስ 8 ጨምረን እንለውጠው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይጨምሩ። ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይሸጋሸጋል፤ ለምሳሌ 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች፣ በ2016 ስምንቱ የጀመረው ታኅሣሥ 22 ነው። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፤ "5/6/17" ብቻ ከጻፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንባቢው አያውቅም። ስብሰባ ሲጠሩም "ከጠዋቱ 3፡00" የሚለው ለእነሱ 9፡00 ነውና ሁለቱንም ያስፍሩ።