ኤችኤምኦ ያለበት ፎርሙላ (የሕፃን ዱቄት ወተት) ያዋጣል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ለሁለት ወር ልጄ ኤችኤምኦ የሚለውን ጣሳ ልግዛ ወይስ ማስታወቂያ ነው? ዋጋው ከበደኝ» ብለሻል። እኔም እዚህ ሜሪላንድ ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ ወተቴ አልበቃ ብሎ፣ እዚያው መደርደሪያ ፊት ቆሜ ስወዛገብ ነበር።

ኤችኤምኦ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የጡት ወተት ውስጥ ያለ የስኳር ዓይነት ነው። ከላክቶስ (ከዋናው የወተት ስኳር) እና ከስብ ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ እንገሩ ላይ ደግሞ ይብሳል። የሚገርመው ሕፃኑ ራሱ አይፈጨውም። አብዛኛው እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርስና ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይመግባል። አንዳንድ ተቅማጥ አምጪ ጀርሞችም አንጀቱን ትተው እሱ ላይ ይጣበቁና አብረው ይወጣሉ። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት «ታዲያ የምትገዢው ለልጅቷ ነው ለእንግዶቿ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ያ ሁሉ አይደለም። የእናት ወተት ከ150 በላይ ዓይነት ኤችኤምኦ አለው፤ ብዙው ፎርሙላ ላይ የሚጨመረው አንዱ፣ 2'-ፉኮሲልላክቶስ የሚባለው ነው። አሜሪካ ገበያ የገባው በ2016 ሲሆን ፋብሪካ ውስጥ በባክቴሪያ ይመረታል። (ከአምስት እናት አንዷ ገደማ ይሄኛውን በወተቷ አታወጣም፤ ልጆቻቸውም ያድጋሉ።) በ2017 የወጣ ጥናት ሁለት ዓይነት ኤችኤምኦ የተጨመረበትን ፎርሙላ የጠጡ ሕፃናት ላይ ብሮንካይትስ (የሳንባ ቱቦ ሕመም) እና አንቲባዮቲክ መውሰድ ቀንሶ ታይቷል ይላል። ብሮንካይትሱ የተመዘገበው ግን ወላጆች በተናገሩት ነው፤ ወጪውንም የቻለው አምራቹ ነበር። እኔ «ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ተአምር አይደለም» ብዬ ነው የያዝኩት።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ውዱን ጣሳ ገዛሁና እስከ ደሞዝ እንዲደርስልኝ፣ 4 አውንስ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ማድረግ ሲገባኝ ሁለተኛዋን ጎደል ማድረግ ጀመርኩ። በአራት ወሯ ቀጠሮ ስትመዘን ኪሎዋ ፈቀቅ አላለም። ሐኪሟ ሌላ ሳትጠይቅ «ስንት ማንኪያ በስንት ውሃ?» አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። የቀጠነ ፎርሙላ ሲያስርብ ብቻ አይደለም፣ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (ጨው) አውርዶ ሕፃን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

የዚያኑ ቀን ሱቁ በራሱ ስም የሚሸጠውን ርካሹን ገዛሁ። እዚህ አገር የሚሸጥ ፎርሙላ ሁሉ የኤፍዲኤን (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትን) የንጥረ ነገር መስፈርት ማሟላት አለበት፣ ስለዚህ አትስጊ። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ ያቺው 2'-ፉኮሲልላክቶስ ከታች ተጽፋለች! ስለዚህ የፊቱን ሥዕል ትተሽ ጀርባውን አንብቢ፤ ርካሹ ላይ ካለ እሱን፣ ከሌለም ሳታቀጥኚ እስከ መጨረሻው የምትችዪውን ግዢ። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትቀይሪ። የምታጠቢውንም አታቋርጪ፤ እኔ ማታ ማታውን ብቻ እያጠባሁ ዘጠነኛ ወሯ ድረስ ሄጃለሁ።